ከአራት ኪሎ እስከ ዛንዚባር፦ ባሕሩ ሳይሸሽባችሁ

መጀመሪያ ዛንዚባር የሄድኩ ጊዜ ሆቴሌን የመረጥኩት በፎቶ ነው። ፎቶው ላይ ሰማያዊ ውሃ በረንዳው ሥር ድረስ መጥቶ ይታያል። ደረስኩ፣ ሻንጣዬን ጣልኩ፣ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ። ባሕር የለም። አሸዋ አለ፣ ጭቃ አለ፣ በጎኗ የተጋደመች ጀልባ አለች፣ ጎንበስ ብለው የሚሠሩ ሴቶች አሉ፤ ውሃው ግን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነጭ መስመር ሆኖ ነው የሚታየው። የሆቴሉን ልጅ "ምን ሆኖ ነው?" ብለው ሳቀብኝ። "ማታ ይመለሳል" አለ።

ጥፋቱ የእኔው ነው። እኛ ውሃ ያየነው ሐዋሳና ላንጋኖ፣ ሲበዛ ጣና ነው። ሐይቅ ጠዋት የተዋችሁት ቦታ ማታም ይጠብቃችኋል። የሕንድ ውቅያኖስ ግን የራሱ ሰዓት አለው። ስለዚህ ዕቅዳችሁን ከባሕሩ ሰዓት ጀምሩ፣ ሆቴሉ በኋላ ይደርሳል።

1. ወሩን ምረጡ

ሐምሌ አዲስ አበባ ላይ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም። ጃንጥላ ይገለበጣል፣ ታክሲ ይጠፋል፣ ካልሲ ሦስት ቀን አይደርቅም። ይሄው ሐምሌ ዛንዚባር ላይ በጋ ነው! ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ድረስ ዝናቡ ጥቂት ነው፣ የደሴቲቱ ሰው "ቀዝቅዟል" ይላል፣ እኛ ደግሞ በከነቴራ እንሄዳለን። ትልቁ ዝናብ፣ ማሲካ የሚሉት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ትንሹ፣ ቩሊ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ ይመጣል። ጥርና የካቲት ደረቅ ናቸው፣ ግን ሙቀቱ ይለጠፍባችኋል።

የፋሲካ ሰሞን ሆቴል ረክሶ ብታገኙ አትደነቁ፣ ማሲካ መሀል ስለሆነ ነው። ረመዳንም መቼ እንደሚውል አስቀድማችሁ እዩ። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊም ነው፣ በጾሙ ወር ቀን ቀን ከተማ ውስጥ ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋል። መንገድ ላይ እየበሉ መሄድም ነውር ነው። ማታ ማታ ግን ከተማው ይደምቃል፣ ያንን ወዳችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሌላ ነገር።

2. ጨረቃዋን እዩ፣ ከዚያ የባሕር ዳርቻውን

ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። በየቀኑ ደግሞ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል፣ ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት የዋኛችሁበት ቦታ ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት ደረቅ ሊሆን ይችላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ይብሳል፤ ዛንዚባር ላይ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ፎቅ የሌለው ቤት ቁመት ነው በሉት።

ታዲያ ይሄ በሁሉም ዳርቻ እኩል አይሰማም። በምሥራቅ በኩል ያሉት ፓጄ፣ ጃምቢያኒና ብዌጁ ወለላቸው ጠፍጣፋ ነው፣ ውሃው ሲሸሽ ሸሸ ነው። ሰሜን ጫፍ ላይ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ቶሎ ይጠልቃሉ፣ ቀኑን ሙሉ ይዋኝባቸዋል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ወይም ዋና ብቻ ከፈለጋችሁ ሰሜን ሂዱ። ሰው ይበዛል፣ ማታ ማታ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ግን ባሕሩ አለ። ጸጥታ፣ ረጅም የእግር መንገድና የነፋስ ስፖርት ከፈለጋችሁ ምሥራቅ። ፓጄ ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ኩሲ የሚባለው የደቡብ ነፋስ ይነፍሳል፣ በትልቅ ካይት እየተጎተቱ ውሃ ላይ የሚንሸራተቱት ሰዎች እሱን ብለው ነው የሚመጡት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ኢንተርኔት ላይ የዛንዚባርን የባሕር ሙላት ሠንጠረዥ ፈልጉ። የምትሄዱበትን ሳምንት ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ከዚያ ቀኑን በሁለት ክፈሉት። ውሃው የሞላበት ሰዓት ለዋና ነው። የሸሸበት ሰዓት ደግሞ የራሱ ጨዋታ አለው፣ እኔ አሁን አሁን እሱን ነው የምወደው፤ ያን ቀን ጎንበስ ብለው ያየኋቸው ሴቶች ምዋኒ የሚሉትን የባሕር ሣር የሚያለሙ ናቸው፣ በገመድ ላይ አስረው ያሳድጉትና ያደርቁታል፣ ውጭ አገር ሄዶ ጥርስ ሳሙናና አይስክሬም ውስጥ ማወፈሪያ ሆኖ ይገባል። ተጠግታችሁ ሰላም በሉ፣ ሥራቸውን ይነግሯችኋል። ፎቶ ግን ሳታስፈቅዱ አይነሳም። በዚሁ ምሥራቅ በኩል ሚቻምቪ ፒንግዌ ላይ ድንጋይ ላይ የተሠራ ዘ ሮክ የሚባል ምግብ ቤት አለ፣ ውሃ ሲሸሽ በእግር ትገባላችሁ፣ ስትወጡ በጀልባ ሊያወጧችሁ ይችላሉ። ለምግቡ ብዬ ሁለተኛ አልሄድም፣ ለዚያ ትዕይንት ግን አንዴ ይበቃል።

3. ወረቀቱን ጨርሱ

ይሄ ደረቅ ነው፣ ግን ዝለሉትና ቦሌ ላይ ትቀራላችሁ።

ፓስፖርታችሁ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ይኑረው። ቪዛ ያስፈልጋል። ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ስለሆነች ቪዛው የታንዛኒያ ነው፣ በመንግሥቱ የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ በኩል ይጠየቃል። አስመሳይ ድረ ገጾች ስላሉ አድራሻውን ሁለቴ አጣሩ። "እዚያ ስንደርስ ይመቱልናል" ብላችሁ አትነሱ። ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ፣ ጥያቄ ካላችሁ የታንዛኒያ ኤምባሲ እዚሁ አዲስ አበባ አለ። ቅጹን ስትሞሉ የልደት ቀናችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በፈረንጆቹ ጻፉ። ይሄን የምለው አንድ ጓደኛዬ በኛው አቆጣጠር ሞልቶ በወረቀት ላይ ሰባት ዓመት አርጅቶ ስለነበር ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። ክትባቱ ከመሄዳችሁ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። አንዴ ከተከተባችሁ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ካርዷን ብቻ አትጣሉ። ስለ ተራው ወባ ደግሞ ሐኪም ጠይቁ፣ ዛንዚባር ላይ በጣም ቀንሷል እንጂ አልጠፋም።

ሦስተኛው ኢንሹራንስ ነው። ከጥቅምት 2024 ወዲህ፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ፣ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው የደሴቲቱን የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ እንዲገዛ ሕግ ወጥቷል። ለአንድ ትልቅ ሰው 44 ዶላር ነው። ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም ይሄ አይቀርም። ወረቀቱን አትማችሁ ያዙ፣ ስልክ ባትሪ የሚጨርሰው ሰልፍ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ በቀጥታ ይበራል፣ ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ሌላው መንገድ ዳሬ ሰላም ወርዶ በፌሪ መሻገር ነው፣ ባሕሩ ላይ ሁለት ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። ሆዳችሁ ቶሎ የሚገለበጥ ከሆነ በቀጥታው ሂዱ።

4. ገንዘብ

ባንካችሁ ጋ ፓስፖርት፣ ቪዛና የደርሶ መልስ ቲኬት ይዛችሁ ሂዱ፣ ዶላሩን በሕጋዊ መንገድ ግዙ። ለውጭ ጉዞ የሚሆን ካርድ የሚያወጡ ባንኮችም አሉ፣ ጠይቁ። ዶላሩን ስትቀበሉ ኖቱን እዩት፦ ከ2006 በፊት የታተመ፣ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ከሆነ ታንዛኒያ ላይ አይቀበሏችሁም። እዚያ ስትደርሱ ወደ ሽልንግ ቀይሩ፣ ለሚኒባስና ለመንገድ ዳር ምግብ ሽልንግ ነው። ከአሮጌዋ ከተማ ከስቶን ታውን ውጭ ኤቲኤም እንደልብ ስለማይገኝ ወደ ዳርቻው ከመውጣታችሁ በፊት ጨርሱ።

5. ሻንጣ

ቀለል አድርጉት። ቀጭን ልብስ፣ ኮፍያ፣ የፀሐይ ክሬም፣ ውሃ ውስጥ የሚገባ ጫማ። ጫማው ቅንጦት አይደለም፣ ድንጋዩ መሀል ጃርት የመሰለ ጥቁር እሾሃም ፍጥረት አለ፣ ከረገጣችሁት የዕረፍቱ ግማሽ እሾህ በመንቀል ያልቃል። የኛ ቻርጀር እዚያ ሶኬት ውስጥ አይገባም፣ የእንግሊዝ ዓይነት ባለ ሦስት አራት ማዕዘን እግር ነው። አዳፕተር ከዚሁ ገዝታችሁ ሂዱ።

ነጠላ ያዙ። የምሬን ነው። ለባሕር ፎጣ ይሆናል፣ ለአውሮፕላኑ ብርድ ይሆናል፣ ስቶን ታውን ውስጥ ደግሞ ትከሻ ይሸፍናል። ከባሕር ዳርቻው ውጭ ወንዱም ሴቱም ትከሻና ጉልበት ሸፍኖ ቢሄድ ነው የሚከበረው። ፌስታል ግን እዚሁ ተዉት። ዛንዚባር ከ2006 ጀምሮ ከልክላዋለች። ጫማችሁን በጨርቅ ከረጢት ጠቅልሉ።

6. ሰዓታችሁን አትንኩ

ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። የስዋሂሊ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው ልክ እንደኛ ነው! ጠዋት አንድ ሰዓትን "ሳ ሞጃ" ይላል፣ አንድ ማለት ነው፤ ቀትር ላይ "ሳ ሲታ"፣ ስድስት ሰዓት። የሰዓት ልዩነትም የለንም። ዓለም ሁሉ ዞሬ "ስንት ሰዓት ነው?" ሲሉኝ ሳልደምር ሳልቀንስ የመለስኩት እዚያ ብቻ ነው። ደቂቃን ራሱ "ዳኪካ" ነው የሚሉት፣ ስኳርን "ሱካሪ"፣ ሻይን "ቻይ"።

አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። አስጎብኚው በእንግሊዝኛ ሲያወራችሁ በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ በስዋሂሊ ሲያወራ በኛው። "በሁለት ሰዓት ጀልባው ይነሳል" ካላችሁ ጠዋት ይሁን ከሰዓት፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አስረግጡ። የአውሮፕላን ቲኬትና የባሕር ሙላት ሠንጠረዥ ሁልጊዜ በፈረንጅ ነው፣ 10:30 የሚለው ጠዋት አራት ተኩል ነው።

7. የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ለስቶን ታውን ስጡ

ሰዉ ከአውሮፕላን ወርዶ በቀጥታ ወደ ዳርቻ ይሮጣል። ስህተት ነው። ሐረር ጁገል ገብታችሁ ከጠፋችሁ ስቶን ታውን ታውቋታላችሁ፦ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚተሻሽበት መንገድ፣ ከኮራል ድንጋይ የተሠራ ግድግዳ፣ ከተጠረበ እንጨት የተሠራ ከባድ በር። በ2000 የዓለም ቅርስ ሆናለች። በሮቹን እዩ፣ ላያቸው ላይ ሹል የነሐስ ጉብታ ያለባቸው አሉ፣ ሥሩ ከሕንድ የመጣ ነው፣ እዚያ ዝሆን በሩን እንዳይገፋው ነበር ይባላል።

ጠዋት ጀምሩ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ። መጀመሪያ ወደ አንግሊካን ካቴድራሉ ሂዱ። የቆመው የባሪያ ገበያው ቦታ ላይ ነው፣ ገበያው የተዘጋው በ1873 ነው። ምድር ቤት ያሉትን ክፍሎች ያሳዩዋችኋል፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ጎንበስ ብላችሁ ነው የምትገቡት። ከምሥራቅ አፍሪካ መሀል የተነዱ ሰዎች እዚያ ታጉረው ገበያ ይጠብቁ ነበር ይባላል። ውጭ ጉድጓድ ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ ሐውልቶች አሉ። እዚያ ሰልፊ የሚነሳ አይቻለሁ፤ እባካችሁ እናንተ አታድርጉት። የቦታውን አስጎብኚ ያዙ፣ ያለ እሱ ባዶ ክፍል ነው የሚመስላችሁ።

ከዚያ ወደ ባሕሩ ውረዱ። በ1883 የተሠራው ቤተ አል አጃኢብ፣ ማለትም "የድንቅ ቤት"፣ እዚያ ነው። በ2020 ታኅሣሥ ከፊሉ ተደርምሷል፣ ስለዚህ ከውጭ በማየት ተጽናኑ። አጠገቡ የነበረውን የሱልጣኑን ቤተ መንግሥት እንግሊዞች ነሐሴ 1896 ላይ ደበደቡት፣ ጦርነቱ 40 ደቂቃ ያህል ነበር የቆየው፣ በታሪክ አጭሩ ይባላል። ዓመቱን ልብ በሉ፦ አድዋ በዚያው ዓመት፣ ከስድስት ወር በፊት ነው። እኔ አስጎብኚው ይሄን ሲነግረኝ ትንሽ ደረቴ ተነፋ፣ ከዚያ አፈርኩና ዝም አልኩ።

ከሰዓት ጆውስ ኮርነር የምትባለው ትንሽ አደባባይ ላይ ቁጭ በሉ። ሽማግሌዎች ቡና እየጠጡ ፖለቲካ ያወራሉ። ቡናው በትንሽ ሲኒ ነው፣ እንደ ጀበናችን አይሆንም፣ ግን ወሬው ያው ነው።

መንገድ ላይ የሚከተሏችሁ ደላሎች "ፓፓሲ" ይባላሉ፣ መዥገር ማለት ነው። መርካቶን የለመደ ሰው አይከብደውም፦ ሳቅ ብሎ "ሃፓና አሳንቴ" ማለት፣ አይ አመሰግናለሁ፣ እና መንገድን አለማቆም። መንገድ ስትሻገሩ ግን መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ፣ መኪናው በግራ ነው የሚነዳው።

8. ቅመም እርሻ፣ በግማሽ ቀን

ከተማው ወጣ ብሎ ኪዚምባኒና ኪዲቺ አካባቢ ብዙ እርሻ አለ። ለፈረንጅ "ቅመም እንዲህ ይበቅላል" የሚል ጉብኝት ነው፣ ለኛ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዕድሜያችንን ሙሉ ከበርበሬ ተራ ደርቆ የገዛነውን ነገር እርጥቡን እናየዋለን። ቅርንፉድ ያልፈነዳ አበባ እንቡጥ ነው፣ ዛፉ ላይ ሆኖ ሮዝ ሮዝ ይላል። ቀረፋው ልጡ ነው። ቁንዶ በርበሬ እንደ ሐረግ ሌላ ዛፍ ላይ ይጠመጠማል። እርዱን ከመሬት ቆፍረው ሲያሳዩኝ እጄ ለሁለት ቀን ቢጫ ሆነ። ነጭ ልብስ አትልበሱ።

ለእናቴ ሁለት መቶ ግራም ቅርንፉድ አመጣሁላት። አንዱን በጥፍሯ ጫን አደረገችና "ዘይቱ ገና አለ" አለች። ይሄ ነው መፈተኛው፦ ስትጫኑት ወዝ ካላወጣ አሮጌ ነው፣ አትግዙ። እርሻው በር ላይ ከሚሸጡት ይልቅ ዳራጃኒ ገበያ ሄዶ መከራከር ይረክሳል።

9. ጫካው

ከስቶን ታውን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጆዛኒ ጫካ አለ። ከዛንዚባር ሌላ የትም የማይገኝ ቀይ የጉሬዛ ዘመድ ይኖርበታል። የኛ ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ካባ ለብሶ ኮራ ይላል፣ ይሄኛው ጀርባው ቀይ፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ከእንቅልፉ የተነሳ ነው የሚመስለው። ምግብ አትስጡ፣ አትንኩ። ወደ ፓጄ ስታልፉ መንገዳችሁ ላይ ስለሆነ ለብቻው ቀን አትመድቡለት።

ከዚያ በታች ኪዚምካዚ "ዶልፊን እናሳያችሁ" ይሏችኋል። አንዴ ሄጃለሁ፣ ብዙ ጀልባ ሞተሩን እያጮኸ ጥቂት ዶልፊኖችን ያባርራል። ይቅርባችሁ።

10. ውሃ ላይ ስትወጡ

ዋና የማትችሉ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ወር አዲስ አበባ ያለ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ተለማመዱ፣ ቢያንስ ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በቱቦ መተንፈስ። የባሕሩ ጨው ራሱ ያንሳፍፋል፣ መደንገጡ ነው ክፉ። ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ላይፍ ጃኬት መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፣ ልበሱትም። "ኋላ አለ" ሲባል አትመኑ።

ኮራልና ዓሣ ለማየት ምኔምባ ደሴት ዙሪያ ነው፣ በሰሜን ምሥራቅ። ጠዋት በማለዳ ውጡ፣ አርፍዳችሁ ከሄዳችሁ ከዓሣው ሰው ይበዛል። ከነቴራ ለብሳችሁ ዋኙ። እኛ "የሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ፀሐይ ለምደናል" ብለን እንመጻደቃለን፣ ግን ጀርባችን ለሁለት ሰዓት ወደ ሰማይ ዞሮ አያውቅም። ተቃጥያለሁ፣ በሆዴ ተኝቼ ነው ወደ አዲስ አበባ ልመለስ የነበረው። ኮራሉን አትርገጡ፣ ዛጎል አታንሱ፣ አትግዙም።

ከስቶን ታውን ደግሞ በግማሽ ሰዓት ጀልባ ቻንጉ ደሴት አለች። እስር ቤት ልትሆን ተሠርታ ብዙውን ዘመኗን የቢጫ ወባ ማቆያ ሆና ኖራለች፤ ያቺ ቢጫ ካርድ ያለምክንያት አልተጠየቀችም። አሁን ግዙፍ ኤሊዎች ናቸው ያሉባት፣ ዘራቸው በ1919 ከሲሼልስ በስጦታ የመጣ። ዕድሜያቸው ቅርፊታቸው ላይ በቀለም ተጽፏል፣ መቶን ያለፉ አሉ። አንገታቸውን ስታኩላቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። በዚያው ጀልባ ናኩፔንዳ የምትባለውን የአሸዋ ደሴት ጨምሩ፣ ትርጉሟ "እወድሃለሁ" ነው፣ ባሕሩ ሲሞላ ትጠፋለች። ሠንጠረዡን የምታወጡት ያኔ ነው።

11. ምግብና ጾም

ፍልሰታ ላይ ከሄዳችሁ አትጨነቁ። ደሴቲቱ በቅቤ ፋንታ የኮኮናት ወተት ነው የምታበስለው፦ ሩዝ በኮኮናት፣ ባቄላ በኮኮናት፣ ካሳቫ፣ ጎመን፣ ቻፓቲ። ብቻ ቻፓቲውና ሊጡ ምን እንደተቀባ ጠይቁ። ዓሣን በተመለከተ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ እኔ አልገባበትም። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ "ሐላል ነው?" ብሎ ከመጠየቅ ያርፋሉ።

ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ ምግብ ይዘረጋል። ኡሮጆ የሚሉትን ጎምዛዛ ሾርባ፣ ከዝንጅብልና ሎሚ ጋር የተጨመቀውን ሸንኮራ ሞክሩ። የባሕር ምግቡን ግን ዓይናችሁ እያየ ከሚጠብሱበት ብቻ ግዙ፣ ከማታው ጀምሮ ተደርድሮ የቆየውን እለፉት። ዋጋ ከመብላታችሁ በፊት ይጠየቃል።

12. መመለሻ

ከኑንግዊ ከሆነ የምትነሱት ወደ ኤርፖርቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አስቡ። ዳላዳላ፣ የነሱ ሚኒባስ፣ ርካሽ ነው፣ 116 ቁጥር ኑንግዊን ከተማ ያገናኛል፣ ረዳቱም እንደኛው "አንድ ሰው ጠጋ በሉ" ባይ ነው፤ ለመሄጃ ደስ ይላል፣ በረራ ላላችሁ ቀን ግን ታክሲ ያዙ። ቅመሙን አጥብቃችሁ እሰሩ፣ አለዚያ ልብሳችሁ ሁሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። አሸዋውን ከጫማችሁ አራግፉ። ጃኬትና ጃንጥላውን ደግሞ የእጅ ሻንጣ ላይኛው ኪስ ውስጥ አድርጉ፣ ቦሌ ስትወጡ ይዘንባል።